ጠዋት ጠዋት ወንበራችን ላይ የሚቀመጠው

ይሄን ታሪክ ፈጠራ ነው የምትሉ በሉ። እኔ ግን በገዛ ቤቴ፣ ከገዛ ሚስቴ ጋር የደረሰብኝን ነው የምጽፈው።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለችው ሁለት ክፍል ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሚስቴ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ከሁለት ወር በፊት ፕሮግራሚንግ ካልተማርኩ ብላ ድርቅ ስትል፣ "ብሎን" ከምንለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዛንላት። ከመጽሐፍ እያየች ብቻዋን ትለማመድ ጀመር።

የምትጽፈው ፈንክሽን የሚባል ነገር ነው። አንዴ ጽፈው ስም ይሰጡታል፤ ከዚያ ስሙን በጠሩት ቁጥር ሥራውን ሠርቶ መልሱን ያመጣል ብላ አስረዳችኝ።

"እንደ እኔ ነዋ" አልኳት። ሳቀች።

ከዚያ በኋላ ግን ለእኔ መሳቅ ቀነሰች። የምትስቀው ለስክሪኑ ሆነ... ብቻዋን።

በኮምፒውተር የሚቀና ባል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ነኝ። አንጀቴ አረረ።

ያን እሁድ እናቷ ጋ ስትሄድ ጠብቄ ከፈትኩት።

ፈንክሽኑ የኪኒኑን ብዛትና በቀን የሚወሰደውን ሲነግሩት ለስንት ቀን እንደሚበቃ የሚያሰላ ነው። ከሥሩ ማስታወሻ አለው። ኮምፒውተሩ የሚዘለው፣ ለሰው ብቻ የሚጻፍ መስመር ነው።

"ለምንድነው ባዶ የሚሆንብኝ?" ይላል። የእሷ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ...

"ያሰላል እንጂ መልሱን እንዲሰጥሽ አላዘዝሽውም።"

"አመሰግናለሁ የኔ ጌታ።"

የኔ ጌታ የምትለው እኔን ብቻ ነበር!

ጽሑፉን ወደ ታች አወረድኩት።

"ሰማያዊው ቀሚስ ያምርብሻል።"

ያን ቀሚስ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ለብሳው ከቤት ወጥታ አታውቅም...

ሰኞ ብሎን ጋ ሄድኩ። ሰው በሩቅ ሆኖ ይሄ ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ይችላል ወይ ብዬ አፋጠጥኩት። ኢንተርኔት የሚያስገባውን ክፍል ራሱ ነቅሎ ሌላ ላይ እንደገጠመው ነገረኝ።

"ወንድሜ" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እዚያ ላይ የሚጽፍ ካለ ቁጭ ብሎ ነው የሚጽፈው። ያንተው ወንበር ላይ።"

ማክሰኞ ወደ ሥራ የሄድኩ መስዬ ወጣሁ። ከደረጃው ሥር ተደብቄ እሷ ስትሄድ ጠበቅኩና ተመለስኩ። በሩን ከውስጥ ቆለፍኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ወንበሩ ላይ አፈጠጥኩ።

ውኃ ልጠጣ እንኳ አልተነሳሁም። ማንም አልገባም። ኮምፒውተሩም አልበራም።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣች፤ በሩን ከፈትኩላት። ጫማዋን ሳታወልቅ ከፈተችው፤ እንደ ልማዷ ፈገግ አለች። ከዚያ ግንባሯን ቋጠረች።

አዲስ መስመር ነበር...

"ዛሬ ሲጠብቀኝ ዋለ።"

ዞራ አየችኝ።

"ማነው ሲጠብቅህ የዋለው?"

መስመሩን ደግሜ አነበብኩት።

"እኔ አይደለሁም የጻፍኩት" አልኩ በሹክሹክታ።

"አትቀልድ።"

"አንዲት ፊደል እዚያ ላይ ጽፌ አላውቅም።"

ወደ ወንበሩ ዞረች።

"ታዲያ... ጠዋት ጠዋት ፊቴን ስታጠብ፣ እዚህ ተቀምጦ ጀርባውን የማየው ማነው?"

እኔ ከቤት የምወጣው እሷ ሳትነቃ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እሷ የምትነሳው አንድ ሰዓት።

ለእሷ ብዬ ፕሮግራሚንግ በድብቅ የተማርኩ መስሏት እንደነበር እንባ እየተናነቃት ነገረችኝ። እንዳላፍር ብላ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። ከተጋባን ወዲህ እንደ እነዚህ ሁለት ወራት ደስ ብሏት እንደማያውቅም ጨመረች።

እውነቱን ልንገራችሁ... ከፍርሃቱ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነው። እኔ አጠገቧ እያለሁ፣ ሚስቴን ደስ ያሰኛት ሌላ ነው።

ኮምፒውተሩን ነቅዬ በዚያው ምሽት ለብሎን መለስኩለት። "እሺ" አለች። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

በማግስቱ እንደ ልማዴ ወጣሁ። ሱቄን ከፍቼ ጨርቅ ዘረጋሁ፤ መቀሱን ግን ማንሳት አቃተኝ። ያ ወንበር ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። ዘግቼ ተመለስኩ።

ስደርስ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት አልፏል። በሩ ገርበብ ብሏል።

ሚስቴ ባዶው ጠረጴዛ ፊት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆማለች። አንድ እጇ ከወንበሩ መደገፊያ ከፍ ብሎ አየር ላይ ነው... የሰው ትከሻ ላይ እንዳረፈ አርፏል።

የእግሬን ድምፅ ሰምታለች። አልዞረችም።

ወደ ወንበሩ ጎንበስ አለች።

"ዝም በል..." አለች በሹክሹክታ። "መጥቷል።"

የወንበሩ ስፖንጅ መሀሉ ጎድጉዶ ነበር።

ከዚያ... የተቀመጠበት ሰው እንደተነሳ ሁሉ፣ ስፖንጁ ቀስ እያለ ወደ ላይ ተመለሰ።