እፎይ የሚሉት ጥቁር ውሃ

በዚያ ክረምት በዛርማ ምድር የተወለዱ ሕፃናት አላለቀሱም። አዋላጆች እግራቸውን ይዘው ዘቅዝቀው ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ፤ ቀዝቃዛ ውሃም ረጩባቸው። ሕፃናቱ ግን ዓይናቸውን ገልጠው ጣራ ጣራውን ከማየት በቀር ድምፅ አላወጡም። የዛርማ ጠቢባን ተሰብስበው መከሩና አዋጅ አስነገሩ፦ «ደስ ይበላችሁ! ጨዋ ትውልድ ተወለደላችሁ!» ሕዝቡም እልል አለ፤ በየቤቱም እፎይ ተቀዳ።

እፎይ ከሞርጋ ተራራ ሥር የሚወርድ ጥቁር፣ ጣፋጭ ውሃ ነው። ሙሽራ ሲዳር እፎይ፤ ሬሳ ሲወጣ እፎይ፤ ዳኛ ሊፈርድ ሲቀመጥ እፎይ። ምጥ የያዛትን ሴት ከንፈሯን በእፎይ ያርሱላታል። አልጠጣም ያለ ሰው «ምን በደልንህ?» ይባላል።

መቅረዝ የተባለችው ወጣት ግን ጠጥታ አታውቅም። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሽታው ስለሚያስታውካት ዘመዶቿ እንደ በሽተኛ ያዝኑላት ነበር። የእኅቷ ልጅ ሲርበው እንኳ ሳያለቅስ፣ ሰውነቱ ከቀን ወደ ቀን ሲመነምን ያስተዋለች እርሷ ብቻ ነበረች።

«እንዴት ያለ ጸጥተኛ ልጅ ነው፤ ምንም አያስቸግረኝ» አለች እኅቷ ዋንጫዋን ይዛ ፈገግ እያለች።

መቅረዝ ዋንጫውን ከእጇ ነጥቃ ከግድግዳው ጋር አላተመችው። ከዚያም በቀጥታ ወደ ቤተ መንግሥት ሄደች።

ንጉሥ ኤልዳር በመኳንንታቸው መካከል ተቀምጠው ነበር። መቅረዝ ዘበኞቹን ጥሳ ገብታ በፊታቸው ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ሕፃናቱ እየሞቱ ነው! በተራራው ሥር የተኛው አውሬ፣ ሞርጋ ራሱ፣ ልቅሷቸውን እየበላው ነው። የምንጠጣውም የእርሱን ላብ ነው። ይህን የማያውቅ ሽማግሌ በአገሩ የለም፤ ስለምን ዝም ይላሉ?»

ይደነግጣሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ማንም አልደነገጠም።

«እናውቃለን» አሉ ንጉሡ በለዘበ ድምፅ። «አባቴም ያውቁ ነበር። አንቺ ልጅ፣ ይህ ሕዝብ ድህነቱንና ሐዘኑን በምን ይቻለው? እፎይን ብትነጥቂው ነገ በማን ላይ የሚነሣ ይመስልሻል? ለመንግሥት ሰላም ጥቂት ሕፃናት ቢጠፉ ውድ ዋጋ አይደለም።»

መኳንንቱ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእነርሱ መካከል በዚያው ክረምት አባት የሆኑ ነበሩ፤ እነርሱም ነቀነቁ። ይህን ስታይ መቅረዝ ደሟ ፈላ።

«እንግዲያውስ ማልቀስ በተነፈገው ልጅ እምላለሁ!» አለች። «አውሬውን ሳልገድል ብመለስ ምድር ሬሳዬን አትቀበል! እናንተ ግን የምትጠጡትን እያወቃችሁ የምትጠጡ፣ ከአውሬው ትከፋላችሁ፤ እርሱ የሚበላው የሌላውን ልጅ ነው!»

ንጉሡ ሳቁ። «ሂጂ። ስንት ጀግና ሄዶ ከምንጩ ዳር ተቀምጦ ቀርቷል።» ከዘበኞቻቸው አንዱን፣ ዱራም የተባለውን ጎበዝ፣ ፍጻሜዋን አይቶ እንዲነግራቸው አስከተሉባት።

በከተማው በር ላይ የእናቷ ወንድም ሐርቡ ጦሩን ተደግፎ ቆሞ አገኘችው። አንድ ዘመን ስመ ጥር ጦረኛ ነበር፤ አሁን ግን እፎይ ካልቀመሰ እጁ ይንቀጠቀጣል።

«ጦር መወርወር ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም፣ አጎቴ።»

«እኔ አውቃለሁ። ልከተልሽ።»

የመዳብ ክንፍ ያላቸው አሞሮች በሚያንዣብቡበት ገደል አለፉ። አሞሮቹ ሲወርዱባቸው ሐርቡ በጦሩ፣ ዱራም በጎራዴው እየመከቱ መቅረዝን አሻገሯት። ከገደሉ ማዶ ግን ሐርቡ ከካባው ሥር ትንሽ ቅል አውጥቶ ሲጎነጭ አየችው።

«እርስዎም!» ብላ ጮኸች። «ልጆቹን ለማዳን እየሄዱ?»

«ለመንገድ ያህል ነው...»

ቅሉን ቀምታ ወደ ገደሉ ወረወረችው። ሐርቡ በቁጣ እጁን አነሣ፤ ሳይመታት መልሶ አወረደውና አለት ላይ ተቀመጠ።

«ልጄ ጎርፍ ወስዶት የሞተ ጊዜ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጎረቤት ሁሉ ዋንጫ ይዞ መጣ። 'ጠጣ፣ ይቀልልሃል' አሉኝ። እውነትም ቀለለኝ። አንዲት ዘለላ እንባ ሳላፈስ ቀበርሁት። ከዚያ ወዲህ ፊቱን ላስታውስ ብሞክር አይመጣልኝም። ለደግነታቸው አመስግኛቸው ነበር፣ መቅረዝ! አመሰገንኋቸው!»

መቅረዝ አጠገቡ ተቀመጠች። ንዴቷ ግን ከአጎቷ ላይ ተነሥቶ ዋንጫ ይዘው በመጡት ሁሉ ላይ ዐረፈ።

ከምንጩ ዳር የቀደሙት ጀግኖች ጋሻቸው ዝጎ፣ ጢማቸው ከሣሩ ጋር ተጠላልፎ፣ ፈገግ እንዳሉ ተቀምጠው ነበር። ዱራም ተንበረከከ። «አንዴ ብቻ ከራሱ ከምንጩ ልቅመሰው» አለ። ጎትተው ሊያነሡት ታገሉ፤ እርሱ ግን ከጠጣ በኋላ ስሙን ሲጠሩት እንኳ ዞር አላለም። ትተውት ወደ ዋሻው ገቡ።

ሞርጋ በጨለማው ውስጥ ተጋድሟል፤ ነጭ፣ ዓይን የሌለው፣ እንደ ኮረብታ የገዘፈ። ከቆዳው ጥቁር ላብ ይንጠባጠባል፤ ከሆዱም የእልፍ ሰው ልቅሶ ይሰማል። ሐርቡ ጦሩን ወረወረ። ጦሩ ከቆዳው ላይ ነጥሮ ወደቀ። ደግሞ ወረወረ፤ እንደገና ነጠረ።

ሐርቡ ጆሮውን ጣል አድርጎ ቆመ። ፊቱ ተለወጠ።

«ይሰማሻል? ያ ድምፅ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ያላለቀስሁት ልቅሶ እዚያ ውስጥ ነው።» ጦሩን አነሣ። «ከውጭ አይሞትም። አባቶች ሲሉ እንደሰማሁት፣ አፉን የሚከፍተው ጥሙ ላቃጠለው ጠጪ ነው። አንቺን አይፈልግሽም፤ እኔን ግን ሲጠብቀኝ ኖሯል።»

«አይሆንም! አጎቴ፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን!»

«ልጁ እስከዚያ ይቆያል?»

 መቅረዝ የያዘችውን የካባውን ጫፍ ለቀቀች። በዕድሜዋ ሁሉ እንደዚያ የከበዳት ነገር አልነበረም።

ሐርቡ ጥሙን አልደበቀም። ምላሱን አውጥቶ እየተንቀጠቀጠ ቀረበ፤ አውሬውም አሽትቶት አፉን እንደ ዋሻ በረገደ። ሐርቡ ጦሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ዘሎ ገባ። አፉ ተዘጋ። ከዚያ ተራራው ተናወጠ፤ የሞርጋ ጉሮሮ ከውስጥ ተቀደደ፤ ለዘመናት ተውጦ የኖረው ልቅሶ ሁሉ እንደ ማዕበል ወጥቶ በምድሩ ላይ ተበተነ።

መቅረዝ የአጎቷን ሬሳ በጀርባዋ ተሸክማ ተመለሰች። የእኅቷን ልጅ ማልቀስ ጀምሮ፣ ጡት ይዞ አገኘችው። ከተማው ግን በድንጋይ ተቀበላት። ያላዘኑት ሐዘን ሁሉ በአንድ ቀን ወድቆባቸው ነበርና «እፎያችንን መልሺ!» እያሉ ጮኹባት። አንዱ ድንጋይ ግንባሯን ፈነከታት። እርሷ ግን አልቆመችም።

በሐርቡ ቤት ደጃፍ ለቀስተኛ ተሰበሰበ፤ ከወርዋሪዎቹም ብዙዎቹ መጡ። ባዶ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት አያውቁም ነበር። አንድ አዛውንት ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ልጄ፣ ለሐዘኑ ምን እንጠጣ?» አሉ።

«ምንም» አለች መቅረዝ፣ ደሙ በጉንጯ ላይ እየወረደ። «ተቀመጡ። ዛሬ ይለቀሳል።»

ተቀመጡ።