ያልጠፋው ፍሬቻ

እስቲ ጠጋ በሉ። ስለ አንድ ረጅም መኪናና ስለ አንዲት አጭር ልጅ ላጫውታችሁ።

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች። መኪናው ደግሞ ጎሹ ይባላል።

ጎሹ ከባድ መኪና ነው፤ ከኋላው ተሳቢ ይጎትታል። ትርሲት ተሳቢውን «የጎሹ ጭራ» ትለዋለች።

ጎሹ ረጅም ነው። ረጅም፣ ረጅም፣ ረጅም! ፊቱ ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደርስ ጭራው ገና ዳቦ ቤቱ ጋ ነው።

የጎሹ ሾፌር የትርሲት አባት ነው። ሁልጊዜ አንድ ረዳት አብሮት ይሄዳል። አንድ ቀን ግን ረዳቱ ጉንፋን ያዘውና ቤቱ ቀረ።

«አባዬ፣ ዛሬ እኔ ረዳት ልሁንልህ?» አለች ትርሲት።

«አንቺ? ጎማ ትቀይሪያለሽ?» አለ አባቷ።

«አልችልም።»

«ሸራ ትወጥሪያለሽ?»

«እሱንም አልችልም። ማየት ግን እችላለሁ። ማውራትም እችላለሁ።»

«ወሬውንስ ማን ይችልሻል!» አለና አባቷ ሳቀ። «በይ ነይ ውጪ። የዛሬዋ ረዳቴ አንቺ ነሽ።»

የትርሲትን ደስታ አትጠይቁኝ። ከፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። አባቷ ቀበቶዋን አሰረላት፤ ጎሹም ሲሚንቶውን ተሸክሞ ተነሣ።

ድርርር! ድርርር!

መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ አባቷ ከመሪው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ገፋ አደረጋት።

ቀጭ፣ ቋ! ቀጭ፣ ቋ!

«ፍሬቻው ነው» አለ አባቷ። «ጎሹ ‹ልታጠፍ ነው› እያለ ነው።» በጎሹ ጎን ቢጫው መብራት ቦግ፣ ጥፍት! ቦግ፣ ጥፍት! አለ።

«የአጎቴ ታክሲ ፍሬቻ እኮ በራሱ ነው የሚጠፋው» አለች ትርሲት። «ታክሲው ታጥፎ ሲጨርስ ቀጭ ይልና ዝም ይላል።»

«ታክሲው አጭር ነዋ» አለ አባቷ። «ጎሹ ፊቱ ታጥፎ ሲጨርስ ጭራው ገና ነው። ፍሬቻው ቸኩሎ ቢጠፋ፣ ከኋላ ያለ ሰው ጭራው ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ስለዚህ ጭራው እስኪታጠፍ ጠብቄ በእጄ አጠፋዋለሁ።»

«ብትረሳውስ?»

«ብረሳውማ ጎሹ ይዋሻል። ቀጥ ባለ መንገድ ላይ የቀኝ ፍሬቻ ሲበራ፣ ከኋላ ላለው ሾፌር ‹መንገዱ ክፍት ነው፤ እለፈኝ› ማለት ነው። ሾፌሮች እንዲህ ነው የምንነጋገረው።»

ትርሲት አሰበች። ጎሹ እንዲዋሽ አልፈለገችም።

«እኔ ጭራውን ላይልህ» አለች። «ታጥፎ ሲጨርስ እነግርሃለሁ።»

«ይሁን» አለ አባቷ። ትርሲት የጎን መስታወቱን ትኩር ብላ አየች። ፊቱ ታጠፈ። ሆዱ ታጠፈ። ጭራው ታጠፈ።

«ጭራው ታጠፈ፣ አጥፋ!»

አባቷ አጠፋ። ቀጭ! ፍሬቻው ዝም አለ።

ዳገቱ ሥር ሌላ መታጠፊያ መጣ። ቀጭ፣ ቋ! ቀጭ፣ ቋ! ፊቱ ታጠፈ። ሆዱ ታጠፈ። ጭራው…

«ጭራው ታጠፈ፣ አጥፋ!»

ቀጭ! ፍሬቻው ዝም አለ።

«እንዲህ ያለ ረዳት ከየት ይገኛል?» አለ አባቷ። ትርሲት ቁመቷ የጨመረ መሰላት።

ሐይቁ ዳር ካለችው ከተማ ደረሱ። ሲሚንቶው ተራገፈ። ጎሹ ባዶውን፣ ቅልል ብሎት ወደ አስፋልቱ ወጣና ወደ ቀኝ መታጠፍ ጀመረ።

ቀጭ፣ ቋ! ቀጭ፣ ቋ!

ፊቱ ታጠፈ። ሆዱ ታጠፈ። ያኔ ትርሲት ከዓሣ ቤቱ ጣሪያ ላይ አንድ ነገር አየች።

ትልቅ ወፍ ነው። ራሱ መላጣ ነው። አንገቱ ላይ ከረጢት ተንጠልጥሎበታል።

«አባዬ፣ እየው! መላጣ ወፍ!»

«አባ ኮዳ ነው» አለ አባቷ። «ቁጭ አጎትሽን!»

ትርሲት ሳቀች። አባቷም ሳቀ። አባ ኮዳ አንገቱን ቀብረር አድርጎ ሲያያቸው የባሰ ሳቁ።

ጭራው ታጠፈ። «አጥፋ» ያለ ሰው ግን የለም።

ቀጭ፣ ቋ! ቀጭ፣ ቋ! ጎሹ ቀጥ ባለው አስፋልት ላይ ይሄዳል። ፍሬቻው ብቻውን ያወራል። ማንም አልሰማውም።

ከጎሹ ኋላ አንዲት ባጃጅ ትመጣ ነበር። የሚነዳት ከድር የሚባል ወጣት ነው።

ከኋላ የተቀመጡት ደግሞ እትዬ አስካለ ናቸው። እትዬ አስካለ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በዙሪያቸው በገለባ የተጠቀለሉ ማሰሮዎች አሉ።

ትልቁን ማሰሮ ጭናቸው ላይ አቅፈውታል። ለልጃቸው ነው የሠሩት። ልጃቸው አዲስ ቤት ገብታለች።

ከድር የጎሹን ጭራ አየ። የቀኙ ፍሬቻ ቦግ፣ ጥፍት! ቦግ፣ ጥፍት! ይላል።

«እለፉ ብሎናል፣ እትዬ» አለና ሊያልፍ ወጣ።

ከፊት ለፊት ግን አውቶቡስ እየመጣ ነበር። ጷጷጷጷ!

ከድር መሪውን ጠመዘዘ። ባጃጇ ከመንገዱ ወጣች፤ ዘላ ሣሩ ውስጥ ገባች።

ኳ! ኳ! ኳሽሽ!

እግዜር ይመስገን፣ ሰው አልተጎዳም። ከድርም እትዬ አስካለም በእግራቸው ወጡ። ከማሰሮዎቹ ግን አንድም አልተረፈም።

አባቷ ጎሹን ዳር አስይዞ አቆመ። ትርሲትን አወረዳትና እጇን ይዞ ሮጠ።

«ጋሼ፣ እለፍ ብለውኝ እኮ ነው» አለ ከድር።

«እኔ? እኔ መቼ አልኩህ?»

ከድር ዘወር አለ። በጣቱ ወደ ጎሹ ጭራ አመለከተ።

ቦግ፣ ጥፍት። ቦግ፣ ጥፍት።

አባቷ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ትርሲት አባቷን እንዲህ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«እኔ አላጠፋሁም!» አለች ቶሎ ብላ፣ ማንም ሳይጠይቃት።

አባቷ በርከክ ብሎ ዓይኗን አየ። አልተቆጣም።

«ልክ ነሽ፣ አላጠፋሽም» አለ። «እኔም አላጠፋሁም። ሳናጠፋ ነው ያጠፋነው።»

መብራት የዘጋ ሰው አጠፋ ይባላል። በደል የሠራ ሰውም አጠፋ ይባላል። ትርሲት መብራቱን አላስጠፋችም፤ እናም አጠፋች።

ይህ ሲገባት አለቀሰች። ያንን ወፍ ባላየሁት አለች በሆዷ። ወፉ ግን ምንም አላደረገም።

እትዬ አስካለ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው የትልቁን ማሰሮ ጆሮ ይዘዋል። የቀረው ጆሮው ብቻ ነው።

ትርሲት ጎሹ ላይ ወጥታ መደበቅ አማራት። እግሯ ግን ቀስ እያለ ወደ እትዬ አስካለ ወሰዳት።

«እትዬ፣ አጥፍቻለሁ» አለች። «‹አጥፋ› ማለት የእኔ ሥራ ነበር። ወፍ ሳይ ረሳሁት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እትዬ አስካለ የማሰሮውን ጆሮ በእጃቸው አገላበጡ። ቢቆጧት ለትርሲት ይሻላት ነበር።

«ልጄን ‹ዛሬ ይዤልሽ እመጣለሁ› ብያት ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ደጅ ደጁን እያየች ይሆናል።»

ከዚያ የማሰሮውን ጆሮ አስቀመጡና የትርሲትን እንባ በነጠላቸው ጠረጉ። «ይሁን፣ ልጄ። ነፍስ ከተረፈ ጭቃ ሞልቷል።»

ሁሉም ሰባራውን ለቀሙ። ስለታሙን አባቷና ከድር፣ ደነዙን ትርሲት።

«እትዬ፣ የት እንጣለው?» አለች ትርሲት።

«ገል አይጣልም» አሉ እትዬ አስካለ። «እፈጨውና ከአዲስ ጭቃ ጋር አቦካዋለሁ። አዲሱ ማሰሮ እሳት ላይ እንዳይሰነጠቅ ያጠነክረዋል።»

«ታዲያ ማሰሮው ይመለሳል ማለት ነው?»

«እሱስ አይመለስም» አሉ እትዬ አስካለ። «ሌላ ይሠራል። ያኛው ግን ያው ሄደ።»

ትርሲት አንገቷን ደፋች።

«እትዬ፣ ጭቃውን ከየት ነው የሚያመጡት?» አለ አባቷ።

«ከወንዙ ማዶ። በጀርባዬ ነው የማመላልሰው።»

«ጎሹ ባዶ ነው» አለ አባቷ። «ዛሬ ጀርባዎን ያሳርፉ።»

ሁሉም ጎሹን ይዘው ወደ ወንዙ ማዶ ሄዱ። አባቷና ከድር ጭቃውን ቆፈሩ፣ ጫኑ፣ ከእትዬ አስካለ ቤት ደጅ ላይም አወረዱት። ደጁ ላይ የጭቃ ክምር ቆመ።

ከዚያ ትርሲትና አባቷ ወደ ቤታቸው ጉዞ ጀመሩ።

ቀጭ፣ ቋ! ቀጭ፣ ቋ! ፊቱ ታጠፈ። ሆዱ ታጠፈ። ጭራው ታጠፈ። ትርሲት ምንም አላለችም፤ አባቷ ራሱ አይቶ ራሱ አጠፋ።

ቤት ሲደርሱ እናቷ በሩ ላይ ጠበቀቻቸው። «ረዳቷ፣ እንዴት ዋልሽ?» አለቻት።

ትርሲት «ደህና» ብላ ማለፍ ትችል ነበር። ግን እናቷ ቀሚስ ውስጥ ፊቷን ቀበረችና ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ ሰምታ እስክትጨርስ ድረስ ከእቅፏ አልለቀቀቻትም።

ራት ተበላ። ትርሲት አልጋዋ ላይ ወጣች። እንቅልፍ ግን እምቢ አለ።

አባቷ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው አይደል?»

«ትንሿ ያንቺ ናት» አለ አባቷ። «ትልቋ የእኔ ናት። ዘንጓ ያለችው በእኔ እጅ ነው። የራሴን ሥራ ላንቺ ሰጥቼ ተቀምጬ ስስቅ ነበር።»

«አንተም አዝነሃል?»

«በጣም አዝኛለሁ።»

ትርሲት እጁን ያዘችው። ኀዘኗ ለቀቅ አላደረጋትም። ብቻዋን አለመሆኗ ግን ደስ አላት።

«እትዬ አስካለ ነገ ምን ያደርጋሉ?»

«ጭቃ ያቦካሉ።»

«ለልጃቸው ማሰሮ?»

«መጀመሪያ ለልጃቸው። ጭቃ ማቡካት ብዙ እጅ ይፈልጋል። ነገ አብረን ሄደን እናግዛቸዋለን።»

ትርሲት እጆቿን ከብርድ ልብሱ አወጣችና አየቻቸው። ትንንሽ ናቸው።

«ይበቃሉ?» አለች።

«ይበቃሉ» አለ አባቷ።

ትርሲት ነገ ሥራ ያለባቸውን እጆቿን ጉንጯ ሥር አደረገች። ከዚያ ተኛች።