የመምህር ጃርሶ ቱቦ

መምህር ጃርሶ በሕይወት ሳሉ እንዲህ ያማረ ፊት ኖሯቸው አያውቅም። ጉንጫቸው ቀልቷል፤ ከንፈራቸው ፈክቷል። ከላብራቶሪው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ከበሩ ሥር እግራቸውን ዘርግተው ግድግዳውን ተደግፈው ላያቸው፣ ሮጠው ደክሟቸው አረፍ ያሉ እንጂ ሲቀዘቅዙ ያደሩ አይመስሉም። ኢንስፔክተር ጃለኔ በዚያ የሰኔ እሑድ ማለዳ ከአምቦ ተጠርታ ጊንጪ ስትደርስ፣ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ኦቦ ዋቆ ደጃፉ ላይ ቆመው ያማትቡ ነበር።

«ሞተዋል ብዬ ነው የደወልኩት» አሉ ሽማግሌው። «ግን እስቲ እያቸው፣ ልጄ። ሰው እንዲህ ሆኖ ይሞታል?»

ጃለኔ ከአስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት በዚሁ ላብራቶሪ፣ ሦስተኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ የተማረችው ከእኚህ ሰው ነው። አሁን እጃቸውን አንስታ አየች። የቀኝ እጃቸው አንጓዎች ተልጠዋል፤ በተላጠው ቆዳ ላይ የብረት ዝገት ተጣብቋል።

«የከሰል ጋዝ ነው» አለች የጤና መኮንኗ ሴና፣ ከጠረጴዛው ሥር ወዳለው የጠፋ ምድጃ እያመለከተች። «ደም ውስጥ የኦክስጂንን ቦታ ይቀማና እንዲህ ያቀላል። በየክረምቱ የምናየው ነው። አደጋ ብዬ ልጻፍ?»

«ቆይ፣ አትጻፊ። ኦቦ ዋቆ፣ በሩ እንዴት ነበር?»

«ገርበብ ብሎ፤ ሳይቀረቀር። ሳብ ሳደርገው ተከፈተ። አምፖሉ እንደበራ ነው።»

ክፍሉ ጠባብ ነው። ብቸኛ መስኮቱ ሌባ ከገባበት ወዲህ በቆርቆሮ ተጠርቅሟል። በሩ ብረት ሲሆን መቀርቀሪያው ከውጭ ነው። ከጠረጴዛው በላይ፣ ከሚስማር ላይ በክር የተንጠለጠለች የጣት ውፍረት ያላት የመስታወት ቱቦ አለች፤ ሁለቱም ጫፏ በእሳት ቀልጦ ታሽጓል። በውስጧ ያለው ጋዝ እንደ ቀጭን ሻይ ገርጥቷል። ጃለኔ ቱቦዋን አወቀቻት። መምህሩ ከቤታቸው በኮት ኪሳቸው ያመጧት ነበር። «በዚህች ውስጥ ሁለት ጋዞች አሉ» ይሉ ነበር፤ «አንዱ ቡናማ፣ አንዱ ቀለም የለሽ። ቡናማው ቀለም የለሹን ይሆናል፣ ቀለም የለሹም ቡናማውን። የቆመ ይመስላችኋል፤ አልቆመም። የሚሄደውና የሚመለሰው እኩል ስለሆነ ነው።»

«እዚህ የሰቀሏት መቲ ከሞተች ወዲህ ነው» አሉ ኦቦ ዋቆ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ጃለኔ የመቲን ነገር ሰምታለች። የዐሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በመምህር ጃርሶ ክፍለ ጊዜ፣ «የተጣራ ውሃ» የሚል ጽሑፍ ከተለጠፈበት ጠርሙስ እሳት አጠገብ ስትቀዳ ውስጡ ያለው አልኮል ሆኖ ተገኘና እሳቱ ያዛት። ዐሥራ አንድ ቀን ሐኪም ቤት ተኝታ ሞተች። ጥፋቱም በመምህሩ ተላከከ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎች በዕቃ ቤቱ ደጃፍ አያልፉም፤ መቲ ከውስጥ ታንኳኳለች ይላሉ። እዚያ ቁጭ ብለው የሚሠሩት፣ ቅጣት እንደሚቀበል ሰው፣ መምህር ጃርሶ ብቻ ነበሩ።

ምድጃው የመቲ እናት የአዴ ቦጋለች ሆኖ ተገኘ። በትምህርት ቤቱ በር ላይ ሻይና ቦንቦሊኖ ይሸጣሉ። ወደ መምህራን ማረፊያ ሲጠሩ ገና ሳይቀመጡ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«እሰሪኝ። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

«ይቀመጡ፣ አዴ ቦጋለች። ሦስት ዓመት ሲረግሟቸው ነበር ይባላል።»

«በገበያ መሐል ነው የረገምኳቸው። ትናንት መጡና ‹ስለ መቲ የሚናገር መዝገብ ከቁም ሳጥን ጀርባ አገኘሁ፤ ሰኞ ሁሉንም እነግርዎታለሁ› አሉኝ። ‹ማነው? አሁኑኑ ይንገሩኝ› ብል፣ ‹ራሱ እንዲናገር ሁለት ቀን ሰጥቼዋለሁ› አሉ። እጃቸው በብርድ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ በረዶው ወረደ። አላስችለኝ አለ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምድጃዬን ከነፍሙ ይዤላቸው ሄድኩ። ሳልረግማቸው ሳናግራቸው የመጀመሪያዬ ነበር።»

«ሲወጡ በሩን ዘጉት?»

«ዋቃዮ! የከሰልን ነገር መች አጣሁትና! ወለል አድርጌ፣ ድንጋይ አስደግፌበት ነው የወጣሁት። ግን ንፋሱ ገፍቶት ይሆናል… ያው ምድጃው የእኔ ነው።» ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰሩ።

«ከምድጃው በላይ የተንጠለጠለችውን ቱቦ አይተዋል?»

«አሳዩኝ እንጂ። ‹አሁን ሲሞቃት ትጠቁራለች፣ ቆይተው ይዩ› አሉኝ። እኔ ስወጣ ገና የገረጣች ነበረች። አልቆየሁም።»

ጃለኔ ወደ ዕቃ ቤቱ ተመለሰች። ድንጋዩን ከደጃፉ ሦስት እርምጃ ርቆ፣ ከግድግዳው ጥግ አገኘችው። ሁለት እጅ የሚጠይቅ ድንጋይ ነው፤ ንፋስ የሚገፋው አይደለም።

ከሰዓታት በኋላ የትምህርት ቤቱ የንብረት ክፍል ኃላፊ አዱኛ ከመኖሪያው ከአምቦ መጣ። መቲ በተቃጠለችበት ዘመን የላብራቶሪው ዕቃ ጠባቂ ነበር። ጥቁር ከረባት አስሯል፤ ዐይኑ ግን ደርቋል።

«ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ የመልስ ወረቀት ላስረክባቸው ጎራ አልኩ። አምስት ደቂቃም አልቆየሁ። ስምንት ተኩል ላይ ሚኒባስ ይዤ ወደ አምቦ ሄድኩ።»

«ጠረጴዛቸው ላይ ምን ነበር?»

«የንብረት ሰው ነኝ፣ ኢንስፔክተር፤ ዐይኔ አይስትም። በቀኝ የእርማት ወረቀት፣ በግራ ቀይ እስክርቢቶና መነጽራቸው። ከላይ ያቺ ቱቦ ተንጠልጥላለች፣ እንደ ጥቁር ጠላ የጠቆረችው።»

«ምድጃስ?»

«በዚያን ሰዓት ምን ምድጃ አለ?»

ጃለኔ የተናገረውን ቃል በቃል ጻፈች፤ አስነብባም አስፈረመችው።  ከዚያ ወደ መናኸሪያው ሰው ላከች፤ ለሌላ ፖሊስም የንብረት ክፍሉን እንዲፈትሽ ትእዛዝ ሰጠች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ አራቱን ሰዎች በላብራቶሪው ሰበሰበቻቸው። አስከሬኑ ተነስቷል፤ ሆኖም ሁሉም ከዕቃ ቤቱ በር ራቅ ብለው ነበር የቆሙት። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሳሕን አለ፤ በአንዱ የፈላ ውሃ፣ በሌላው የበርሜል ውሃ። ጃለኔ ቱቦዋን በክሯ ይዛ የፈላው ውስጥ አስገባቻት። አንድ ትንፋሽ በሚወሰድበት ጊዜ ውስጥ ጋዙ መጥቆር ጀመረ፤ እንደ ጥቁር ጠላም ሆነ። ወደ ቀዝቃዛው ስታዞራት ቀስ በቀስ ገረጣ።

«ይህን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው» አለች። «በውስጧ ሁለቱ ጋዞች ሚዛን ጠብቀው ይኖራሉ። ሙቀት ሲጨመር ሚዛኑ ወደ ቡናማው ያደላል፤ ሲቀዘቅዝ ወደ ቀለም የለሹ ይመለሳል። ቱቦዋ የታሸገች ናት፤ የሚገባ የሚወጣም ነገር የለም። ስለዚህ ቀለሟ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ በዚያች ሰዓት ክፍሉ ምን ያህል እንደሞቀ።»

«ይሄ ከእኔ ጋር ምን ያገናኘዋል?» አለ አዱኛ።

«ቅዳሜ በረዶ የወረደበት ቀን ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ምድጃ አልነበረም፤ ቱቦዋ የገረጣች መሆን አለባት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አዴ ቦጋለች ገርጥታ አዩአት። በማግስቱ ኦቦ ዋቆ በሩን ሲከፍቱ ምድጃው ጠፍቷል፤ እኔም ስደርስ ገርጥታ አገኘኋት። በሩ ክፍት ቢሆን ኖሮ ሙቀቱም የከሰሉ ጋዝም በወጡ ነበር። የጠቆረችው በሩ ተዘግቶ፣ ፍሙ እየነደደ፣ ሰውየው ውስጥ ሆነው እየሞቱ ባሉበት ሰዓት ብቻ ነው። ከእናንተ ጠቁራ ያያት አንድ ሰው ነው። በፊርማዎ አረጋግጠዋል፣ አቶ አዱኛ።»

አዱኛ ከረባቱን አላላ።

«አዴ ቦጋለች ሲወጡ አይተው ድንጋዩን አነሱ፤ በሩን ቀረቀሩት። አመሻሽ ላይ ተመልሰው ከፈቱ። መዝገቡን ይዘው ሲወጡ፣ አደጋ እንዲመስል መቀርቀሪያውን ሳይመልሱ ተዉት። በስምንት ተኩል አልሄዱም፤ የመናኸሪያው ተራ አስከባሪ በዐሥራ ሁለት ሰዓቱ የመጨረሻ መኪና ነው ያሳፈረዎት። መዝገቡም ከመሳቢያዎ ተገኝቷል። ጠርሙሱን ሞልተው የተሳሳተውን ጽሑፍ የለጠፉት እርስዎ መሆንዎ በገዛ እጅ ጽሑፍዎ ሰፍሮበታል።»

«መዝገቡን ማቃጠል አቃተኝ» አለ አዱኛ እንደ ሕፃን። «ቁጥር ያለው ንብረት ነው… ልገድላቸው አልነበረም። ብቻ መዝገቡን እስኪሰጡኝ… አንኳኩተው ዝም ሲሉ ተኝተዋል ብዬ…»

«አንኳኩተው» አለች ጃለኔ። የተላጡት አንጓዎች ከዐይኗ አልጠፉም ነበር። ወደ ጥበቃው ዞረች። «ኦቦ ዋቆ፣ እርስዎስ ሰምተዋል?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ለዙር መጥቼ… ከውስጥ ሦስት ጊዜ ኳ፣ ኳ፣ ኳ አለ። መቲ ናት ብዬ…» ወለሉ ላይ ተቀመጡ። «አማትቤ ሮጥኩ።»

አዴ ቦጋለች ጮኹ፤ ጩኸታቸው በአዱኛ ላይ ይሁን በዋቆ ላይ አልለየም።

አዱኛ ታስሮ ከወጣ በኋላ ኦቦ ዋቆ ከተቀመጡበት የጃለኔን እጅ ያዙ። «እውነቱን ንገሪኝ፣ ልጄ። ያኔ ብከፍት ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

ሴና ራሷን በቀስታ ነቀነቀች፤ «አይ በያቸው» ማለቷ ነው። ጃለኔም ልትዋሽ ቃጣት። ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው በሌላ ሰው ውሸት ኖሯል።

«ይተርፉ ነበር» አለች።

አዴ ቦጋለች ወደ ኦቦ ዋቆ መጡ። ወለሉ ላይም አጠገባቸው ተቀመጡ። «እኔም» አሉ፣ «ያን በር ስንት ጊዜ ጆሮዬን ለጥፌበታለሁ። አንድም ቀን አንኳኩታልኝ አታውቅም።»

በሰኞው ቀብር አዴ ቦጋለች ከሟቹ ዘመዶች ተርታ ተቀመጡ፤ ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃቸውም። ኦቦ ዋቆ ሥራቸውን አልለቀቁም። ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ከገቡ በኋላ ግን የእያንዳንዱን ክፍል በር ከፍተው «ኤኙቱ ጂራ? ማን አለ?» ብለው ይጣራሉ፤ እንደገናም ይጣራሉ፤ መልስ ሲያጡም እንኳ ወዲያው አይዘጉትም።