ካርታው ሥር የገባው ምልክት

ቪዲዮ ጌም ላይ የምትታይ እያንዳንዷ ምልክት ሰው አስቦ ያስቀመጣት ናት። ዮርዳኖስ፣ አማን ከተማ፣ እኔ በምሠራበት መሥሪያ ቤት፣ የቱ ምልክት የት እንደሚቀመጥ የምትወስነው ሉብና ነበረች። ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች፤ ምክር ግን አትወድም።

አዲሱ ጌማችን ለገበያ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስህተት ካለ የሚፈትሸው ሙተሲም ጠረጴዛዋ አጠገብ መጥቶ ቆመ።

«ኡም ማይሰም» አላት፣ የማይሰም እናት ማለቱ ነው፤ «ስክሪኑን ከእንግሊዝኛ ከቀኝ ወደ ግራ ወደሚነበበው ዓረብኛ ስናዞረው የግራው ሁሉ ወደ ቀኝ ሄዷል። የማይክራፎኑ ምልክት ስክሪኑ ጥግ ካለው ካርታ ሥር ገብቶ ቀርቷል። ማይኩ ክፍት ነው፤ ተጫዋቹ ግን አያይም።»

«አንተ ደግሞ ከወተት ውስጥ ፀጉር ካላወጣህ ምሳህ አይወርድልህም! በሚቀጥለው እትም ይስተካከላል።»

«እስከዚያ ማይኩ ተዘግቶ ይጀምር፤ የፈለገ ይክፈተው።»

«ከዘጋነው ማን ይከፍተዋል? ልጆቹ እየተጫወቱ እርስ በርስ ካላወሩ በአምስት ደቂቃ ጥለውን ይሄዳሉ። ደግሞስ ምን ይሰማል ብለህ ነው? የድስት ክዳን?»

«ክዳን ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት» ብሎ ሄደ። እኛም ሳቅን።

ጌሙ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ኋላ እንደነገረችን፣ ሉብና ሳሎኗ ውስጥ ልብስ እያጣጠፈች ከእናቷ ጋር በስልክ ታወራ ነበር። የዘጠኝ ዓመቷ ልጇ ማይሰም ምንጣፉ ላይ ተኝታ በታብሌት ያንኑ ጌም ትጫወታለች።

«ዙሄር እስከ ቅዳሜ አይመለስም፤ ለሥራ አቃባ ከተማ ሄዷል» አለች ሉብና ስለ ባሏ። «የበሩ ቁልፍም እንደተበላሸ ነው፤ ወንበር አስደግፈን ነው የምናድረው። አሁን ፋርማሲ ደርሼ ልምጣ፤ ማይሰም ግማሽ ሰዓት ብቻዋን ብትሆን ምን ትሆናለች?»

ስልኩን ዘጋች። ያኔ ከታብሌቱ የጎልማሳ ወንድ ድምፅ መጣ፤ ዝግ ያለ፣ የዘመድ የሚመስል።

«ማይሰም፣ የኔ ቆንጆ፣ እናትሽ ስትወጣ ወንበሩን ታነሺልኛለሽ አይደል? ቅድም በመስኮት የገባውን የመስጊዳችሁን ማስታወቂያ ስሰማ ሰፈራችሁን አውቄዋለሁ።»

ሉብና የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። ታብሌቱን ነጥቃ አጠፋችው።

«ምን ነግረሽው ነው? ተናገሪ!»

«ምንም! ወላሂ ማማ፣ አንድም ቃል አላወራሁትም!» ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። «ስሜን ማን ነገረው?»

ሉብና ማን እንደነገረው ገባት። የልጇን ስም፣ የባሏን መንገድ፣ የበሩን ነገር፣ ሁሉንም በተከፈተው ማይክ የነገረችው ራሷ ነበረች።

ሶፋውን ጎትታ በሩ ላይ ገተረችውና ፖሊስ ዘንድ ደወለች። ከዚያ ልጇን አቅፋ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሊፍቱ ተንቀሳቀሰ። እነሱ ፎቅ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ፊት ዘገየ። ማይሰም ድምፅ እንዳይወጣት የእናቷን ክንድ ነከሰች። ብዙ ቆይቶ የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ።

ሉብና ሙተሲም ጋ ደወለች።

«የሁሉንም ማይክ ዝጋው! አሁን ስንት ሰው ይጫወታል?»

«አርባ ሺህ ገደማ። ያለ አለቃ ፈቃድ?»

«በእኔ ስም! እያንዳንዱ እኮ ቤት አለው፣ በር አለው!»

የኪቦርድ ድምፅ ተሰማ፤ «ተዘጋ» አለ። «ምክንያቱን መዝገብ ላይ ማስፈር አለብኝ። የስክሪን ስህተት ልበል?»

«አይደለም» አለች፣ ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል። «‹ሉብና ተነግሯት ነበር› ብለህ ጻፍ።»