የካሜራው ሰዓት

«ሰው ይዋሻል፤ ካሜራ ግን አይዋሽም» አሉ ምክትል ርዕሰ መምህሩ አቶ የሺዋስ፣ ስክሪኑን በእስክሪብቷቸው እየነኩ።

ስክሪኑ ላይ ሙስዓብ ቦርሳውን አንጠልጥሎ በመምህራን ክፍል በር ያልፋል። ከሥር የተጻፈው ሰዓት ልክ ሁለት ሰዓት ይላል። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ተማሪው ሁሉ ለባንዲራ ሜዳ ላይ ተሰልፎ ነበር። የዚያን ሰኞ ጠዋት መምህራኑ ከሰልፍ ሲመለሱ ደግሞ የሒሳብ ፈተናው ጠፍቶ አገኙት። የዲሲፕሊን ኮሚቴው ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተሰብስቦ ሙስዓብን ለዓመት ሊያግደው ነው። አባቱ ሙሐመድሳኒ፣ ደጀን ከተማ ያለውን ሱቃቸውን ዘግተው በሚኒባስ እየመጡ ነበር።

የክፍል ጓደኛው የኔአለም ግን በሰልፉ አጠገቡ ነበረች። እንዲያውም በመዝሙሩ መሀል እያሳቃት ሳቋን ለመዋጥ ምላሷን ነክሳለች። ይህን ስትናገር የጓደኛ ምስክር ነው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሏት። ሙስዓብ ራሱ «ተዪው አቦ፣ ተበልቻለሁ» አላት። እሷ ተዪ ሲሏት የምትተው ልጅ አይደለችም። የአይሲቲ ክበብ ተጠሪ ስለሆነች ካሜራውን ልፈትሽ አለች፤ አቶ የሺዋስም ምን ታመጣለች ብለው ፈቀዱላት።

የጸሐፊዋን ስልክ ተውሳ ሰዓቱን ለካሜራው አሳየችና ተመልሳ ቅጂውን አየች። የካሜራው ሰዓት ከስልኩ ሃያ ደቂቃ ያህል ወደኋላ ቀርቷል። የካሜራው መቅጃ ቪዲዮውን ባጫጭሩ እየቆራረጠ ነው የሚያስቀምጠው። አንዱን ቁራጭ ዘግቶ ሌላውን በከፈተ ቁጥር አንዲት ሰከንድ ይጥላል። አንዲት ሰከንድ ምኗም አይደለች፤ ቀንና ሌሊት ስትጠራቀም ግን ሰው ታስከስሳለች።

ቀድሞ ኢንተርኔቱ ሰዓቱን በየቀኑ ያስተካክለው ነበር። ማን አቋረጠው? የኔአለም ፊቷ ጋለ። ራሷ ነበረች። መቅጃው ጠዋቱን ስምንት ሰዓት እያለ ሲያስቸግር፣ አቶ የሺዋስ እንደ ሰው ሁለት ሰዓት ይበል ብለው አዘዟት። በእጇ ሁለት ስታደርገው ኢንተርኔቱ መልሶ ስምንት ያደርገዋል። እልህ ይዟት ከኢንተርኔቱ ሰዓት ለየችው። ለዚህም ሥራዋ ሰልፍ ላይ ተጨብጭቦላታል።

ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም ነበር። አፈረች እንጂ ዝም አላለችም። ሄዳ ለአቶ የሺዋስ ሁሉንም ነገረቻቸው።

«ዛሬ ተሳሳተ ማለት ሰኞም ተሳስቷል ማለት አይደለም» አሉ።

የሙስዓብን ቪዲዮ ከፈተችና አቆመችው። ከጀርባው ባለው መስኮት ባንዲራው ምሰሶው ጫፍ ላይ ሲውለበለብ ይታያል።

«ሁለት ሰዓት ላይ ባንዲራው ገና መሬት ነው፣ ጋሼ። ሙስዓብ ያለፈው ሰልፉ ካለቀ በኋላ ነው፤ እንደ ልማዱ ከሁሉም ኋላ ወደ ክፍል ሲገባ።»

«ታዲያ ፈተናውን ማን ወሰደው?»

«እሱን አላውቅም። ሙስዓብ አለመሆኑን ግን አውቃለሁ።»

አቶ የሺዋስ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው ባንዲራውን አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገር ግን በዚህ ካሜራ ስንቱን አርፋጅና ስንቱን አጥር ዘላይ ቀጥተዋል። ሰዓቱ ትክክል አይደለም ከተባለ ያ ሁሉ እንደገና ሊነሣ ነው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ኮሚቴው ሳይገባ ሰዓቱን እንድታስተካክለው ነገሯት። የልጁን ጉዳይ ቀስ ብለው ያዩታል፤ የእሷንም ጥፋት ማንም አይሰማም።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ልጄ።»

«እያደር እስኪጠራ ሙስዓብ ሻንጣውን ይዞ ደጀን ይገባል» አለች። «ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ለኮሚቴውም እኔው እናገራለሁ።»

«የክበቡን ቁልፍ እንደምታስረክቢስ ታውቂያለሽ?»

ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላቸው።

ኮሪደሩ ላይ የኮሚቴው አባላት ድምፅ ተሰማ፤ ከነሱ ኋላ የሙስዓብ አባት በትሕትና ሰላምታ ሲሰጡ ይሰማል። አቶ የሺዋስ ሰዓቱን ራሳቸው ሊያስተካክሉ እጃቸውን ወደ ማውሱ ሰደዱ። የኔአለም ቀድማ ማውሱን ወደ ራሷ አስጠጋች፤ ወንበር ስባም በእሳቸውና በስክሪኑ መሀል ተቀመጠች። ሰዓቱን አልነካችውም።