የቆሰለው ጎሽ እና የወፍ ቆሎው ጫካ

ዝናቡ ድንገት ወረደ። ከናይሮቢ በስተደቡብ የተዘረጋው ሜዳ በአንድ አፍታ ጥቁር ጭቃ ሆነና መኪናዋን እስከ ሆዷ ዋጣት። ፋኑኤል ሦስት ጊዜ ሊያስነሳት ሞከረ፤ ሦስቴም ይባስ ብላ ሰመጠች። ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ፣ ጠዋት በመኪና የተሻገሩት ወንዝ ሞልቶ ግንድ እያንከባለለ ይወርዳል።

«ተዋት። በእግራችን እንውጣ» አሉ ጋሽ ገብረመድህን።

ጋሽ ገብረመድህን ዕድሜያቸውን በዕፅዋት ጥናት የፈጁ ሰው ናቸው። ፋኑኤል ደግሞ የእሳቸው ካርታ ሠሪ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ናይሮቢ ኪሌሌሽዋ ሰፈር ባለ ቢሮ ተቀምጦ፣ ከሰማይ በተነሣ ፎቶ ላይ የወፍ ቆሎ የሚሉት መጤ ቁጥቋጦ የሣሩን ሜዳ እንዴት እንደሚበላ ሲያሰምር ኖሯል። እግሩ ሜዳውን ሲረግጥ ግን ገና ሦስተኛ ቀኑ ነው። መንገድ የምትመራቸው ናሼፓይ የምትባል፣ እዚያው ከብት ስትጠብቅ ያደገች የማሳይ ሴት ናት።

ናሼፓይ በበትሯ ወደ ፊት አመለከተች። «አስፋልቱ ከዚያ ማዶ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚህ ቆሜ የጎረቤታችንን ላሞች በቀለማቸው እለይ ነበር።»

አሁን የሚታየው ከሰው ቁመት የበለጠ፣ ቢጫና ሮዝ አበባ የለበሰ የወፍ ቆሎ ግድግዳ ነው። መሐሉን የሰነጠቀች አንዲት ጠባብ የከብት መንገድ ብቻ አለች። ሌላ መውጫ ስላልነበረ ገቡባት።

ውስጡ ጨለም ያለ ነበር። ከሥሩ አንድ ዘለላ ሣር አልበቀለም፤ መሬቱ ራቁቱን ቀርቷል። የተቀጠቀጠው ቅጠል የሚለቀው ሽታ ጉሮሮ ይከረክራል፤ እሾሁ ልብስ ይዞ አይለቅም። ከሦስት እርምጃ በላይ ማየት አይቻልም።

ናሼፓይ በድንገት ቆመችና እጇን አነሣች። «ጎሽ» አለች በሹክሹክታ።

ከቅጠሉ መሐል ጥቁር ራስ ብቅ አለ። አንገቱ ላይ የሽቦ ወጥመድ ሥጋው ውስጥ ገብቶ ተንጠልጥሏል፤ ቁስሉ ይመግላል። ትንሽ አያቸውና ቅርንጫፉን እየሰባበረ መጣ። ፋኑኤል ወደ እሾሁ ተወረወረ። መሬቱ ራደ። አውሬው በአጠገቡ ሲያልፍ ትኩስ ትንፋሹ ፊቱን ገረፈው። ከዚያ ሁሉም ጸጥ አለ።

«ፋኑኤል፣ እግሬን» የሚል ድምፅ ሰማ።

እየዳኸ ሄደ። ጋሽ ገብረመድህን ሲሮጡ ሌላ ወጥመድ ረግጠው ወድቀዋል። ሽቦው ቁርጭምጭሚታቸውን ቆርጦ ደም ያፈሳል፤ ጫፉ ከጉቶ ጋር ታስሯል። ፋኑኤል ሊፈታው ሲታገል ይበልጥ ጠበቀ።

ገና እየታገለ ሳለ ሁለት ሰዎች ገጀራ ይዘው ከቁጥቋጦው ወጡ። አንዱ ረጅም ነው፤ ሌላው ደም የነካው ጆንያ ተሸክሟል። ወጥመዱን የዘረጉት እነሱ መሆናቸውን መናገር አላስፈለጋቸውም።

«ፎቶ አንስተሃል?» አለ ረጅሙ በስዋሂሊ፣ የፋኑኤልን ስልክ እያየ።

ወዲያው ጎሹ ሰዎቹ ከመጡበት በኩል አናፋ። የረጅሙ ሰው ዓይን ወዲያ ወዲህ ዋለለ። ያን ጊዜ ፋኑኤል ገባው፤ እነሱም ፈርተዋል። የሚያውቁት መንገድ ተዘግቶባቸዋል።

ናሼፓይም ገብቷታል። «መውጫውን አሳያችኋለሁ» አለች። «መጀመሪያ የሽማግሌውን እግር ፍቱ።»

«መጀመሪያ ፎቶውን ያጥፋ» አለ ረጅሙ።

በስልኩ የሦስት ቀን የሜዳ ሥራው ፎቶ አለ። ፋኑኤል ጋሽ ገብረመድህንን አያቸው። ከንፈራቸው ነጥቷል። ሁሉንም አጠፋ። ባለ ጆንያው ፒንሳ አውጥቶ ሽቦውን ቆረጠ።

ፋኑኤል ሽማግሌውን አዘላቸው። ናሼፓይ ትመራለች፤ ሁለቱ በገጀራ ይመነጥራሉ። ጎሹ ከጎናቸው ሳይታይ ይከተላል፤ ቆም ሲሉ ይቆማል፣ ሲራመዱ ይራመዳል። አንድ አውሮፕላን ኢምባካሲ አውሮፕላን ማረፊያ ሊያርፍ በላያቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። ጩኸቱ ጆሯቸውን ደፈነው። ፋኑኤል በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቶ አያውቅም፤ አውሬው የት እንዳለ ማወቂያው ጆሮው ብቻ ነበርና።

ድምፁ ሲርቅ ጎሹ ከኋላቸው፣ በመነጠሩት መንገድ ላይ፣ አሥር እርምጃ ርቆ ቆሟል።

«ሩጡ» አለች ናሼፓይ።

ባለ ጆንያው ሸክሙን ጣለ። ፋኑኤል የጋሽ ገብረመድህን ክንድ አንገቱን እያነቀው ሮጠ። ቅጠል፣ እሾህ፣ ከዚያ ብርሃን፤ ክፍት ሣር ላይ በደረቱ ወደቀ። ጎሹ በቁጥቋጦው አፍ ላይ ቆሞ አናፋ፤ ደሙ ወደ ሣሩ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ወደ ጨለማው ተመለሰ። ባለ ገጀራዎቹ ሌላ አቅጣጫ ይዘው ጠፉ።

አስፋልቱ ዳር ናሼፓይ ቦዳ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ብስክሌት አስቆመች። ጋሽ ገብረመድህን ከሞተረኛው ጀርባ ተቀምጠው፣ «ና፣ ቦታ አለ፤ ከዚህ ሥፍራ ውጣ» አሉት።

ፋኑኤል ሊወጣ እግሩን አነሣ። በዚያው ቅጽበት አራት ሴቶች ዕቃቸውን በጀርባቸው አዝለው ከአስፋልቱ ሲወርዱ አየ። በአቋራጭ ወደ ቤታቸው ሊሄዱ ወደዚያችው የከብት መንገድ እያመሩ ነው።

«እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ። ናሼፓይ አብራዎት ትሂድ» አለ።

ለዱር እንስሳት ጠባቂዎቹ ደወለ፤ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ይፈጅብናል አሉት። ተመልሶ የመንገዲቱ አፍ ላይ ጀርባውን ለቁጥቋጦው ሰጥቶ ቆመ። ከኋላው ቅጠል በተንኮሻኮሸ ቁጥር አንገቱ ላይ ያለው ጠጉር ይቆማል።

«በዚህ ማለፍ አይቻልም» አላቸው በተሰባበረ ስዋሂሊው። «የቆሰለ ጎሽ አለ።»

«በአስፋልቱ ከዞርን አንድ ሰዓት ነው» አለች ከፊት ያለችው። ከዚያ እጆቹን አየች። «አንተ እኮ እየተንቀጠቀጥክ ነው።»

«አዎ» አላት። «ስለዚህ ዙሩ።»

ሴትየዋ ጥቂት አየችውና ዕቃዋን አመቻችታ ወደ አስፋልቱ ተመለሰች። ሦስቱም ተከተሏት።