ያልቆመው ሞተር

ጽፊራው፣ የከተማው ሳይረን፣ መጮህ ሲጀምር ኦርታል አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋለች፤ ሌላው ገና ከእግረኛ መንገዱ አልወረደም። እንደዚያው ቆመች።

የሬሆቮት ከተማ ዋና መንገድ፣ ሄርዝል ጎዳና፣ ባንድ አፍታ ደረቀ። አውቶቡሱ መሐል መንገድ ላይ ቆመ፤ ሹፌሩ ወርዶ እጆቹን ወደ ጎኑ ሰበሰበ። የመኪና በሮች ተከፈቱ፤ ሰዎች ከየመኪናቸው ወጥተው እንደ ተተከለ ምሰሶ ቀጥ አሉ። ባንኩ ፊት ለፊት የአንዲት ሴት ፌስታል ተቀደደና ብርቱካኖቿ ወደ መንገዱ ተንከባለሉ። ሴትዮዋ ወደ ታች እንኳ አላየችም። በየዓመቱ በመታሰቢያው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ጽፊራው በጦርነት ለሞቱት ሁለት ደቂቃ ይጮሃል፤ አገሩም ሁሉ ባለበት ይቆማል። ኦርታል አሥራ አምስት ዓመቷ ስለሆነ ነገሩን ለምዳዋለች። በዚያ ቀን ግን ከበረሃ የመጣ ቢጫ አቧራ ሰማዩን ሸፍኖት ነበር። የሰዎቹ ፊት ሁሉ አንድ መልክ ይዞ፣ ከሸክላ የተሠሩ ይመስሉ ነበር።

የትምህርት ቤቱ ሥነ ሥርዓት ቀደም ብሎ አልቆ አብራት ወደ ቤት ትሄድ የነበረችው ጓደኛዋ ሊአት፣ ስልኳን ደረቷ ላይ አድርጋ በስውር ትቀርጻለች።

ያኔ ኦርታል የሚንቀሳቀስ ነገር አየች።

ጥቁር ሞተር ነው። ከጎን መንገድ ወጥቶ በቆሙት መኪኖች መሐል ቀስ ብሎ ይመጣል። ድምፁን ጽፊራው ስለ ዋጠው የሚንሳፈፍ እንጂ የሚነዳ አይመስልም። ነጂው ጥቁር ጃኬት ለብሷል፤ የሄልሜቱ መስታወት ወርዷል። ከኋላው በስተቀኝ ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ዘንጉ ጫፍ ላይ ጥቁር ሪባን ታስሯል። ማንም አልጮኸበትም። ማንም እጁን አላነሳም። በዓይን ብቻ ተከተሉት።

ኦርታል አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ። ሄልሜቱ ወደ እሷ ዞረ። በጥቁሩ መስታወት ላይ ራሷን አየች፤ ትንሽ፣ የተጣመመች፣ የማትንቀሳቀስ። ከዚያ ሞተሩ አንዱን ብርቱካን ጨፍልቆ አለፈ። ጽፊራው እየሟሸሸ ሲያልቅ አቧራው ውስጥ ገብቶ ጠፍቶ ነበር።

«አየሽው?» አለች ሊአት ትንፋሽ እያጠራት። «በጽፊራ መሐል! ያውም ባንዲራ ሰቅሎ!»

ለኦርታል ግን ያ ሰው የሚያውቃት መስሏታል።

ከሰዓት በኋላ ቪዲዮው የክፍሉ የዋትሳፕ ቡድን ውስጥ ገባ። ሊአት ከሥሩ፣ «ኤራን ነው፣ ከአሥራ አንደኛ ክፍል። በዓይኔ አይቼዋለሁ» ብላ ጽፋለች። ኤራን ጥቁር ሞተር እየነዳ ትምህርት ቤት የሚመጣ ልጅ ነው። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቪዲዮው ከተማውን አዳረሰ። አንዱ የኤራንን ስልክ ቁጥር ለጠፈ። ሌላው፣ «ቤቱን አውቀዋለሁ፣ ኦሺዮት ሰፈር ነው» ብሎ ከነሕንፃው ቁጥር ጻፈ። ኤራን ራሱ፣ «እኔ አይደለሁም፤ ቤት ነበርኩ» ሲል ሃያ ሰው ሳቀበት። ደወልኩለት ያለ አንድ ልጅ ደግሞ ስልኩን ያነሳችው እናቱ እንደሆነች፣ እያለቀሰችም እንደ ነበር አወራ።

ኦርታል ለሊአት ደወለችላት።

«ፊቱን እንዴት አየሽው? መስታወቱ ተዘግቶ ነበር እኮ።»

«ታዲያ ማን ሊሆን ነው? ሞተሩ አንድ ነው።»

«ጥቁር ሞተር ስንት አለ! አንቺ ግን አየሁት ብለሽ ነው የጻፍሽው።»

«ባለፈው ሳምንት በሰው ሁሉ ፊት ሲስቅብኝ የት ነበርሽ?» የሊአት ድምፅ ቀጠነ። «ያላ፣ በይ፣ አታካብጂ። ማታ የነጻነት በዓል ይገባል፤ ነገ ማንም አያስታውሰውም።»

ኦርታል ስልኩን ዘጋችና ቪዲዮውን ከፈተች። አዘገየችው። ደግማ አዘገየችው። አሁን ያየችው ሞተሩን ሳይሆን ባንዲራውን ነው። ኤራን እንደ ብዙዎቹ ልጆች ለመኪና መስኮት የምትሸጠዋን የፕላስቲክ ባንዲራ መሪው ላይ በፕላስተር ጠምጥሞ ነው የሚዞረው። ይሄኛው ሌላ ነው። ዘንጉ ከመቀመጫው ኋላ፣ በስተቀኝ፣ ሁለት ቦታ ላይ ታስሯል። ቁመቱ ከነጂው ራስ አይበልጥም። ጨርቁ ጎማውንም የጭስ ማውጫውንም አይነካም። ሞተር ላይ ባንዲራን በሕንፃ ምሰሶ ላይ እንደሚደረገው ዝቅ አድርጎ ማውለብለብ ስለማይቻል፣ ለሐዘኑ ጥቁር ሪባን ተደርጎለታል።

እንዲህ የሚሰቅል አንድ ሰው ታውቃለች፤ የእናቷ ወንድም፣ ጋሼ ጌታው።

ጋሼ ጌታው መጋዘን ውስጥ ማልጌዛ፣ ያችን ከባድ ዕቃ የምታነሳ መኪና፣ ይነዳሉ። በየዓመቱ በነጻነት ቀን ጠዋት ደግሞ ሠላሳ የሚሆኑ የሞተር ነጂዎችን እየመሩ ከሬሆቮት ይወጣሉ። ከመውጣታቸው በፊት የእያንዳንዱን ባንዲራ በእጃቸው እየነኩ ይፈትሻሉ። «ከፊትህ ከሰቀልኸው ዓይንህን ይጋርድሃል። የተቀደደ ከሆነ አውርደው፤ እንደ ጨርቅ አይንጠለጠልም። ሞተርህ ሲቆም ባንዲራህ ይውረድና ይታጠፍ። መሬት ካስነካኸው ከእኔ ጋር አትወጣም» ይላሉ። እንዲህ ያለ ሰው በጽፊራ መሐል እየነዳ ያልፋል ቢሏት ትስቅ ነበር።

አራት ጊዜ ደወለች። አያነሱም።

አጎቷም የሚኖሩበት ሰፈር ኦሺዮት ስትደርስ አቧራው ይበልጥ ወፍሮ ነበር። በየሕንፃው ሰገነት የተሰቀሉት ባንዲራዎች ነፋስ አጥተው ተንጠልጥለዋል። መንገድ ላይ ሰው የለም። የአጎቷ ሞተር ከሕንፃቸው ሥር፣ ጠማማ ሆኖ፣ ሁለት መኪና ማቆሚያ ይዞ ቆሟል። ቁልፉ ሞተሩ ላይ እንደ ተሰካ ነው። የባንዲራው ዘንግ የላይኛው ማሰሪያ ላልቶ ወደ ጎን ወድቋል፤ የጨርቁ ጫፍ መሬት ላይ፣ አቧራ ውስጥ ተኝቷል።

ከሁሉም ያስደነገጣት ይሄ ነው። ባንዲራውን ፈትታ፣ አራግፋ፣ አጥፋ ያዘችው። ቁልፉን ነቀለችና ደረጃውን በሩጫ ወጣች።

የሦስተኛው ፎቅ በር ገርበብ ብሏል።

«ጋሼ?»

ቴሌቪዥኑ በርቷል፤ ድምፅ ግን የለውም። በቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ እንደ ዝምተኛ ዓሣ የሚንቀሳቀሱ ከንፈሮች ይታያሉ። ጋሼ ጌታው ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው፣ ጃኬታቸውን ሳያወልቁ፣ ሄልሜታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ጋሼ!»

አልዞሩም። ሦስተኛ ጊዜ ጮኸች። ትከሻቸው እንኳ አልተነቃነቀም። ኦርታል ግድግዳውን ይዛ በጎናቸው ዞረችና ፊታቸው ቆመች።

እንደ ተተኮሰበት ሰው ዘለሉ። ሄልሜቱ ወደቀ። የእጇን አንጓ ለቀም አድርገው ያዙና ጣታቸውን ቆዳዋ ላይ ተጫኑ፤ እንደ ሐኪም።

«ሞቃት ነሽ» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ። ኦርታል ነኝ።»

«ረፋድ ላይ ባንኩ ዘንድ ቆመሽ ነበር?»

«ነበርኩ።»

«ጽፊራ ነበር?»

አዎ ብላ አንገቷን ነቀነቀች። እጇን ለቀቁና ሁለት መዳፋቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ። ሲናገሩ ዓይናቸው ከከንፈሯ አይነቀልም ነበር።

«ለእኔ ሁልጊዜ ጽፊራ ነው» አሉ። «ከሚሉኢም፣ ከተጠባባቂ ጦሩ ከተመለስሁ ወዲህ። አጠገባችን የፈነዳው ነገር ግራ ጆሮዬን ይዞት ሄደ። በቀኙ ውስጥ ደግሞ ቀንም ሌትም አንድ ድምፅ ይጮሃል። ዛሬ ትንሽ ጠንከር ያለ መሰለኝ እንጂ ሌላ አላወቅሁም። ሰዓቱም ገና ነው ብዬ ነው፤ ወደ ወታደሮቹ መቃብር እየሄድሁ ነበር። ከጎን መንገዱ ስወጣ ሁላችሁም ቆማችኋል።»

«ለምን አላቆሙም?»

«ፈራኋ!» ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ አልሆነላቸውም። «የሞትሁ መሰለኝ። ሰው በቁሙ ደርቋል። ሰማዩ ቢጫ ነው። ከብርቱካኑ በቀር የሚንቀሳቀስ የለ። ካቆምሁ እኔም እንደ እናንተ ቆሜ የምቀር መሰለኝ። ቀስ ብዬ እየነዳሁ የማውቃቸውን ሙታን በመካከላችሁ ፈለግሁ። በጦሩ አብሮኝ ሆኖ የሞተውን ቢራራን ፈለግሁት። እሱ የለም። ከዚያ አንቺን አየሁ። ዓይንሽ ይከተለኛል፤ ገላሽ አይነቃነቅም። ‹ይቺ ልጅ ደግሞ መቼ ሞተች?› አልሁ።»

አጎቷ በዘመድ ስብስብ ላይ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፈው ለምን እንደሚቀመጡ፣ ሰው ሲስቅ ዘግይተው ለምን እንደሚስቁ ለኦርታል አሁን ነው የገባት።

«ማን ያውቃል?» አለች።

«አሁን አንቺ። ሰው ሲያወራኝ ያልሰማሁትን ሁሉ ‹ቤሰደር፣ እሺ› እላለሁ፤ ያልፋል። መጋዘኑ ካወቀ ከማልጌዛው ያወርዱኛል። ቢያወርዱኝም አይፈረድባቸውም። ወደ ኋላ ስነዳ ከኋላዬ ሰው ቢጮህ አልሰማም።» ይህን ሲሉ የራሳቸው ንግግር ያስደነገጣቸው መሰሉ። ተነሥተው ወደ መስኮቱ ሄዱና ሞተራቸውን ቁልቁል ማየት ጀመሩ።

«ጋሼ፣ ኤራን የሚባል ልጅ በእርስዎ ፈንታ እየተሰደበ ነው» አለች ኦርታል ከጀርባቸው። «ሄጄ እውነቱን ልነግረው ነው።»

«ቤሰደር» አሉ ሳይዞሩ።

ኦርታል ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደች። ቀላል ነው። ነግሬያቸው እሺ ብለውኛል ብትል ማንም ሐሰት ነው አይላትም። እጇን እጀታው ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ተመለሰች። በመስኮቱና በአጎቷ መሐል ገብታ፣ ስልኩን ከፍታ በእጃቸው አስያዘቻቸው። ያለችውንም ቀስ ብላ፣ ቃል በቃል ደገመችላቸው።

ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው አዩት። ከሥሩ የተጻፈውን ስድብ በጣታቸው እየገፉ አነበቡ፤ ማለቂያ የለውም።

«ስንት ዓመቱ ነው?»

«አሥራ ሰባት።»

ስልኩን መለሱላት። «ነገ ያልፋል» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «የሰው ነገር እኮ ያልፋል።»

«ቪዲዮውን የለጠፈችው ልጅም እንዲሁ ነው ያለችኝ።»

ጋሼ ጌታው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። ኦርታል እስኪያዩዋት ጠበቀች።

«የጆሮዎን ነገር እኔ አልናገርም። እሱ የእርስዎ ነው» አለች። «ኤራን እንዳልሆነ ግን እናገራለሁ። ማን ነበር ካሉኝ ደግሞ አልዋሽም።»

ጋሼ ጌታው ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሄልሜቱን ከወለሉ አነሡ። ኦርታል የታጠፈውን ባንዲራና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች።

የኤራን ሕንፃ ሁለት መንገድ ራቅ ብሎ ነው። የእሱም ሞተር ውጭ ቆሟል፤ ቆሟል ከተባለ። ሰው ገፍቶ በጎኑ ጥሎታል፤ መስታወቱ አስፋልቱ ላይ ተበትኗል፤ ከነዳጅ ማጠራቀሚያው የወረደው ነዳጅ ገና አልደረቀም። በአካባቢው ማንም የለም። የጣሉት ሰዎች ከአቧራው ውስጥ እያዩኝ ይሆን ብላ ዞር ዞር አለች።

የበሩን ደወል ተጫነች። ከድምፅ ማጉያው በመጀመሪያ የሰው ትንፋሽ ብቻ ተሰማ።

«ማን ነው?» አለ የሴት ድምፅ።

«ኦርታል እባላለሁ። የኤራን ትምህርት ቤት ነኝ። ስለ ቪዲዮው ነው።»

«ሂዱ! ተዉን በቃ!»

«እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ እሜቴ። ማን እንደ ነበርም አውቃለሁ።»

ድምፅ ማጉያው ጠፋ። በሩ አልተከፈተም።

ኦርታል ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ስልኳን አወጣችና የክፍሉ ቡድን ውስጥ ጻፈች፦ «ኤራን አይደለም። ሰውየው የእኔ ዘመድ ናቸው። ሊአት የማንንም ፊት አላየችም፤ አጠገቧ ነበርኩ። የምትሳደቡት ካላችሁ ለእኔ ደውሉ።» አንዴ አንብባ ላከችው።

ስልኩ ወዲያው መንዘር ጀመረ። ሊአት። ከዚያ የማታውቀው ቁጥር። ከዚያ እንደገና ሊአት። አላጠፋችውም፤ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እያየችው ቆየች። ከሌሎቹ ሁሉ መሐል አንድ መልእክት ብቻ ከፈተች። ከጋሼ ጌታው ነው።

«የልጁ ቤት የትኛው ነው? እየመጣሁ ነው። በእግሬ።»

የሕንፃውን ቁጥር ጻፈችላቸው። ከዚያም ደረጃው ላይ ለአንድ ሰው ቦታ ለቅቃ ጠጋ አለች።